የሃና ጥርስና የአባቷ ቃል

ቄስ ወልደ ጻድቅ በሰቆጣ ከተማ ዳር በምትገኝ አንዲት ደብር ሃያ ሁለት ዓመት ቀድሰዋል። የተወለዱት ከአምደወርቅ የግማሽ ቀን መንገድ በሚያስኬድ መንደር ነው፤ ንባቡንም ቅዳሴውንም የተማሩት እዚያው በደሃና ወረዳ ውስጥ፣ አንዲት ፊደል የሳተ ተማሪ ምዕራፉን ከመጀመሪያው እንዲደግም ከሚያዝዙ አንድ ጥብቅ መምህር ዘንድ ነበር። ከዚያ ቤት ይዘውት የወጡት ጥንቃቄ እስከ ዛሬ አልተለያቸውም። ሰዓት አያሳልፉም፤ ሰው አያቆላምጡም፤ አንድ ጊዜ የተናገሩትን ቃል አያጥፉም። ይህ ሁሉ በጎ ጠባይ መሆኑን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ሰው በጎ ጠባዩን የሚጠብቀው ለማን ብሎ እንደሆነ ራሱን ካልመረመረ፣ በዚያው በጎነቱ የገዛ ልጁን ሊጎዳበት ይችላል።

የንስሐ ልጆቻቸው ብዙ ናቸው። የጾም ወራት ሲገባ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ይቆሙና አንድ በአንድ ይጠይቋቸዋል፤ አራስ ነኝ፣ መንገደኛ ነኝ፣ ክኒን እወስዳለሁ፣ እንዴት ላድርግ እያሉ። እሳቸውም ሳይቸኩሉ ሰምተው ይፈርዳሉ። እማማ ቦሰና የሚባሉ አሮጊት የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ አማርኛቸው እምብዛም ስለሆነ ቄሱ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ያነጋግሯቸዋል። እኒህ ሴት አንድ ዓመት ጾሜን እገድፋለሁ ብለው መድኃኒታቸውን አቋርጠው ወድቀው ነበር። ቄስ ወልደ ጻድቅ ቤታቸው ድረስ ሄደው፣ መድኃኒት ምግብ አለመሆኑን፣ ለሕመምተኛ ሥርዓቱ ራሱ መንገድ እንዳበጀለት፣ ሐኪም ያዘዘውን መተው ጽድቅ እንዳይደለ አስረድተው አስዋጧቸው። እንግዲህ ሕጉን አያውቁም ነበር ብሎ ማንም አይከራከርላቸው። አሳምረው ያውቁ ነበር።

ሃና አንዲት ሴት ልጃቸው ናት። የወተት ጥርሷ ረግፎ ዋናው ሲበቅል ቦታ አጣ፤ የፊት ጥርሶቿ አንዱ በአንዱ ላይ ተሳፈሩ፣ ሁለቱ ክራንቻዎቿ ደግሞ ከረድፉ ወጥተው ከድዷ ላይ ከፍ ብለው ተሰኩ። ትምህርት ቤት ልጆች ቀንዶ ይሏት ጀመር። ሃና አልተጣላችም፤ አፏን ገጥማ መሳቅን ተማረች። እናቷ ወለተ ሰንበት ሌሊት አልቅሰው ይሆናል፤ አባትየው ግን መልክ የእግዚአብሔር ነው ብለው ነገሩን ዘጉት።

የወለተ ሰንበት ታናሽ እህት ማርታ ባሕር ዳር መምህርት ነበረች። ለሠርግ ሰቆጣ መጥታ ልጅቱን ስታያት፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በእጇ አፏን ሸፍና ስትበላ አየች። እዚያው ቁጭ እንዳለች እህቷንና አማቿን አስፈቅዳ ይዛት ሄደች። ባሕር ዳር ያለችው የጥርስ አስተካካይ ሐኪም ሃናን መርምራ፣ ከኋለኞቹ መንጋጋዎች በቀር ዋና ጥርሶቿ ሁሉ ወጥተው ስላለቁ፣ መንጋጋዋም ገና እያደገ ስለሆነ፣ ለሥራው የተመቸው ጊዜ ይኸው ነው አለች። ቦታ እንዲገኝ ሁለት ጥርስ ተነቀለ። ከዚያ በያንዳንዱ ጥርስ ላይ ትንንሽ ብረት ተለጥፎ በሽቦ ተያያዘ፤ ሽቦውም በየወሩ ይጠብቅ ነበር። ሽቦው በጠበቀ ቁጥር ሃና ሦስትና አራት ቀን እንጀራውን በወጥ አርሳ፣ ሳታኝክ ትውጣለች። ጉንጯ ይቆስላል፤ ቁስሉ ድኖ ሳይጨርስ የሚቀጥለው ወር ይደርሳል። ሁለት ዓመት ከአራት ወር እንዲህ ቆየች። ልጅቱን ላመስግናት ብል ስለዚህ ትዕግሥቷ አመሰግናታለሁ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌላ ምስጋና የሚገባው ሰው ብዙ የለም።

ጥር ላይ ሽቦው ተፈታ። ጥርሶቿ እንደ ተደረደረ በቆሎ ሆነው ነበር። ሐኪሟ ግን ሥራው ገና እንዳላለቀ አስጠንቅቃ፣ በላይኛው ጥርሷ ልክ የተሠራ መስተዋት የሚመስል ስስ ፕላስቲክ ሰጠቻት። የተነቀነቀ ጥርስ ዙሪያውን አጥንቱ እስኪጠና ድረስ ወደ ቀድሞ ቦታው መመለስ ይፈልጋል፤ ፕላስቲኩ የሚይዘው እንዳይመለስ ነው። ለአንድ ዓመት ሌትም ቀንም፣ ከመብላትና ከመፋቅ በቀር፣ እንዳታወልቀው አዘዘቻት፤ በወረቀትም ጻፈችላት። በዚያው ወር ማርታ ወደ ሐዋሳ ተዛወረች፤ ሃናም ወረቀቱንና ፕላስቲኩን ይዛ ወደ ወላጆቿ ተመለሰች።

ቄስ ወልደ ጻድቅ ልጃቸውን ባዩ ጊዜ እንደ ወትሮው መስቀል አሳልመው አስገቧት። ነገር ግን ወለተ ሰንበት እንደ ታዘቡት፣ በዚያ ሰሞን ማዕድ ላይ ተቀምጠው ከዚህ ቀደም ተናግረው የማያውቁትን ቀልድ ይናገሩ ጀመር፤ ሃና ስትስቅም ቀና ብለው ያዩአት ነበር።

ዐቢይ ጾም የገባው በየካቲት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት፣ በዘወረደ ዓርብ፣ ቅዳሴ አልቆ ሰው ከዛፉ ሥር በቆመበት፣ መሪጌታ ዘመነ የሚባሉ የቄሱ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ ምላሳቸው የማያርፍ፣ ሃና ከሴቶቹ መካከል ቆማ ፕላስቲኩን በምላሷ ስትነካካ አዩዋት። ዘወር ብለው፣ ለሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣

«እኛን በውኃ ጠብታ የሚያስጨንቁን ቄስ፣ ልጃቸው ግን ከጠዋት ጀምሮ ስታላምጥ ነው የምትውለው። ለካህን ልጅ ሌላ ጾም ወጥቷል እንዴ?» አሉ።

ሰው ሳቀ። አንዲት ሴት ማስቲካ ነው አለች፤ ሌላዋ ከከተማ የመጣ ጌጥ ነው አለች። ጥቂቶቹም በእውነት ግራ ገብቷቸው ጠየቁ፤ አፍ ውስጥ የዋለ ነገር በምራቅ ርሶ ወጥቶ ይገባል፣ እንዲህ ያለው ይጾማል ወይ? ልጅቱ ስትቆርብስ? የቆረበ ሰው ከአፉ ምንም እንዳያወጣ አይደለም ወይ የሚታዘዘው?

ጥያቄው መልስ ነበረው። በቁርባን ጠዋት አውልቃ ማታ መመለስ ይበቃ ነበር፤ ከሐኪም የታዘዘ ነገር ስለሆነም ለሌላው ቀን ምንም አይከለክልም ነበር። ለእማማ ቦሰና የፈረዱት ቄስ ይህን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅባቸውም። ግን ያን ጊዜ የሚሳቀው በእርሳቸው ላይ ነበር። ለራሱ ልጅ አደላ እንዳይባሉ ፈሩ፤ ፍርሃታቸውም ፍርድ ሆኖ ወጣ።

«ጾሙ እስኪፈታ ይቀመጣል» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ አፏ ውስጥ አይገባም።»

ቤት ሲደርሱ ሃና ወረቀቱን አምጥታ ዘረጋችላቸው። «አባ፣ ሐኪሟ በእንቅልፍሽም አታውልቂው ብላኛለች፤ ይኸው ተጽፏል።»

ወረቀቱን አላነበቡትም። «ጥርስ አጥንት ነው ልጄ። አጥንት በሁለት ወር ወዴት ይሄዳል?» አሉና ፕላስቲኩን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከመጻሕፍቱ ኋላ አስቀመጡት።

በጾሙ በሦስተኛው ሳምንት ሃና የፊት ጥርሶቿ እርስ በርስ የሚገፋፉ እንደሚመስላት ለእናቷ ነገረች። ወለተ ሰንበት ባላቸውን ለምነው ነበር። ለመተኛት ብቻ ታድርገው፣ በቤታችን ውስጥ ማን ያያል አሏቸው። ቄስ ወልደ ጻድቅ ማንም ባያይ እግዚአብሔር ያያል ብለው መለሱላቸው። እዚህ ላይ ነገሩን በስሙ መጥራት ይገባል። የፈሩት የመሪጌታ ዘመነን ዓይን ነበር፤ የጠሩት ግን የእግዚአብሔርን ስም ነው። ከዚህ የከፋ ስም በከንቱ የመጥራት መንገድ እኔ አላውቅም። ወለተ ሰንበትም ቢሆኑ ከዚያ በኋላ ዝም አሉ፤ ባላቸውን ማክበር ልጅን ከመጠበቅ የሚቀድም መስሏቸው ነበር።

ሃምሳ አምስቱ ቀን አለቀ። የፋሲካ ዕለት ማዕድ ከተነሣ በኋላ አባትየው ራሳቸው ጨርቁን ፈተው ለልጃቸው ሰጧት። ሃና አጥባው ወደ ጓዳ ገባች፤ ቆየችም። ስትወጣ አፏ ዝግ ነበር፤ ፕላስቲኩ በመዳፏ ውስጥ ነበር። ገባልሽ ወይ ብለው ሲጠይቋት ነገ እሞክረዋለሁ አለች። በማግሥቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን በአውራ ጣቷ እየገፋች ስታስገባው ድዷ ደማ፤ እናቷ ደሙን አይተው ጮኹ፤ ቄሱም ያን ጊዜ ፕላስቲኩ የተሠራው አሁን በሌለ የጥርስ አሰላለፍ ልክ መሆኑን ተረዱ።

በከተማው በመንግሥት ጤና ተቋም ውስጥ የጥርስ ክፍሉን የያዘው ከደብረ ታቦር ተመድቦ የመጣ ምንዋጋው የሚባል ባለሙያ ነው። አባቷ ይዘዋት የመጡትን ሃናን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ፣ በትንሽዋ መስተዋት ዙሪያውን አየና ፕላስቲኩን ከአፏ አጠገብ ያዝ አድርጎ አነጻጸረው።

«አባ፣ በግድ እንዳታስገቡት። ወይ ይሰበራል፣ ወይ ጥርሷን ያሳምማታል።»

«አንተ አታስተካክለውም ልጄ?»

«እኔ የታመመ እነቅላለሁ፤ የተቦረቦረ እሞላለሁ፣ እሱም መሙያው ሲመጣ ነው። ይሄ የሌላ ሰው ሙያ ነው፤ መሣሪያውንም ሥዕል ላይ ነው የማውቀው።» ፕላስቲኩን ለሃና መልሶ፣ «ከወለቀ ስንት ጊዜው ነው?» አለ።

ሃና ወለሉን አየች።

«ከዘወረደ ጀምሮ» አሉ ቄስ ወልደ ጻድቅ። «ያስወለቅኋት እኔ ነኝ።»

ምንዋጋው ጓንቱን አወለቀ። የሚያናግረውን ሰው ክብር የሚያውቅ ወጣት ስለሆነ ድምፁን አላነሣም። «እዚህ መሆኔን ያውቁ ነበር እኮ አባ። አምና የእርስዎን መንጋጋ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ቢጠይቁኝ እነግርዎ ነበር።» ከዚያም እንዲህ ሲል አስረዳቸው፤ ጥርሷ አዲስ እንደ ተተከለ ችካል ነው፤ ዙሪያው አፈሩ ሳይጠብቅ ድጋፉን ያነሡበት ችካል ወደ ቀድሞ ዝንባሌው ይመለሳል። ገና ብዙ አልሄደም፤ ግን አልቆመም፤ እየሄደ ነው።

ስልኩ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ይሠራል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል። በሁለተኛው ሳምንት በምንዋጋው ስልክ የባሕር ዳሯ ሐኪም ተገኘች። ሳትቆጣ፣ ሳታባብልም፣ ቁርጡን ነገረቻቸው፤ በአንድ ወር ውስጥ ልጅቱ ብትደርስላት አሁን ባለችበት ልክ አዲስ ፕላስቲክ ሠርታ፣ ከዚያ በላይ እንዳይሄድ ልትይዘው ትችላለች። ወሩ ካለፈ ግን እንደገና ሽቦ ነው፤ ከመጀመሪያው።

ቄስ ወልደ ጻድቅ በዚያው ዕለት መናኸሪያ ወረዱ። መንገዱ ተዘግቷል ተባሉ። መቼ ይከፈታል ለሚለው መልስ የሚሰጥ ሰው አልነበረም፤ ትኬት ቆራጩም፣ ፖሊሱም፣ ሾፌሩም እርስ በርስ ይተያያሉ። በማግሥቱም ወረዱ፤ በሠልስቱም፤ ሁለት ሳምንትም እንዲሁ አለፈ። ከአምደወርቅ አንድ ሚኒባስ በሌላ በኩል ሊወጣ ነው የሚል ወሬ ሲሰሙ ሃናን ይዘው፣ እኩሌታውን በጭነት መኪና እኩሌታውን በእግር፣ አምደወርቅ ገቡ። ወንድማቸው ቤት አርፈው ዘጠኝ ቀን ጠበቁ። በየጠዋቱ ከሚኒባሱ ሾፌር ከደርቤ ዘንድ ይሄዳሉ፤ እሱም በየጠዋቱ ተነሥቶ መስቀላቸውን ይሳለማል።

«አባ፣ መኪናዋ ዝግጁ ናት፤ ሾፌሩም ዝግጁ ነው» አላቸው አንድ ቀን። «መንገዱ ነው ንስሐ ያልገባው። እስኪ ለሱ ይጸልዩለት።»

ሰው ሳቀ፤ ሃናም ሳቀች። ቄሱ ግን ልጃቸው ስትስቅ ግራ ክራንቻዋ ከጎረቤቱ ፊት ቀድሞ መውጣቱን አዩ። ከሰቆጣ ሲነሡ እንዲህ አልነበረም፤ ወይም ልብ ብለው አላዩትም። ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን መንቀል አቃታቸው። ስትበላ ያያሉ፤ ስትናገር ያያሉ፤ እሷም እንደሚያዩአት አውቃ ንግግሯን አሳጠረች። በየቀኑ ዓይን የማይለየው ትንሽ ነገር ይሄዳል፤ የሚያቆመው ሰው ከሁለት ቀን መንገድ ማዶ ተቀምጧል፤ እሳቸው ደግሞ በወንድማቸው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። በዘጠነኛው ቀን ሚኒባሱ እንደማይወጣ ታወቀ። ወሩ ያለቀው ወደ ሰቆጣ ሲመለሱ፣ መንገድ ላይ ነው።

ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ አባ ገብረ አማኑኤል ሄደው ነገሩን ሳይሸልሙ ተናገሩ። መነኩሴው እንደ ዕድሜያቸው ንግግር አያበዙም። «የበደልኸው ልጅቱን ነው፤ በሰው ፊት ጥብቅ ለመባል» አሏቸው። «ስግደቱን እሰጥሃለሁ። ጥርሱን ግን እኔ አላውቅበትም።» ቄስ ወልደ ጻድቅ የታዘዙትን ሰገዱ፤ ከታዘዙትም አስበልጠው ሰገዱ። መሪጌታ ዘመነም ወሬውን ሰምተው ቤት ድረስ መጡ፤ የተናገሩት ለጨዋታ እንደ ነበር፣ እንዲህ ይሆናል ብለው እንዳላሰቡ ተናግረው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ቄሱ አልነቀፏቸውም። «ጨዋታ መሆኑን አውቅ ነበር። የተሸነፍኩለት እኔ ነኝ» አሉ። ይህ እውነት ነው፤ ቢዘገይም እውነት ነው።

ከልጃቸው ይቅርታ የጠየቁት በሰኔ ነው። ሃና ደብተሯን ዘግታ ተነሣች፤ አባት በልጁ ፊት ቆሞ ሲለምን መቀመጥ ነውር መሰላት። ይቅር ብያለሁ አባ አለች፤ ቶሎ አለች፤ ልጅ ለአባቱ ሌላ መልስ እንደማይሰጥ አድርጋ አለች። ከዚያ ሌላ የሚጠይቋት ነገር እንዳለ ለማየት ቆመች። የሚጠይቁት አልነበረም። የሚሰጧትም።

ሐምሌ ላይ መንገዱ ተከፈተ፤ ስልኩም ጸና። ምንዋጋው የጥርሷን ፎቶ አንሥቶ ወደ ባሕር ዳር ላከ፤ በማግሥቱ ክፍሉ ውስጥ ተሰብስበው ደወሉ። ሐኪሟ ፎቶውን አይታዋለች። እንደገና መጀመር ይቻላል አለች፤ ግን ከሁለት ዓመት አያንስም፣ በየወሩም መታየት ግድ ነው። ከሰቆጣ በየወሩ እየተመላለሱ የሚያደርጉት ሥራ አይደለም። ማርታ ሐዋሳ ናት፤ ባሕር ዳር የሚያስጠጋ ዘመድ የለም፤ ሃና ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት አሥረኛ ክፍል ትገባለች። ይህን ሁሉ ሐኪሟ ጠይቃ ሰማች። ከዚያ ስልኩን ለልጅቱ እንዲሰጧት አዘዘች።

«ሃና፣ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ሃና አባቷን አየች። ቄስ ወልደ ጻድቅ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለጠየቃቸው ሁሉ ሲፈርዱ ኖረዋል፤ ምን ይበላ፣ ምን ይተው፣ ማን ይቁረብ፣ ማን ይቆይ ሲሉ። አሁን ልጃቸው የምትጠብቀው አንድ ቃል ነበር። ሂጂ እንዳይሉ የምትሄድበት ቤት የለም። ቅሪ እንዳይሉ ያስቀሯት እሳቸው ናቸው። መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ትምህርቴን ልጨርስ» አለች ሃና በስልኩ ውስጥ፤ ስልኩንም ለምንዋጋው መለሰች።

ሐኪሟ ከመሰናበቷ በፊት ጥርስ በማንኛውም ዕድሜ ሊስተካከል እንደሚችል፣ ትልቅ ሰው ሆና እንኳ ብትመጣ እንደምትቀበላት ተናገረች። ቄሱ ይህን ቃል እንደ ምሥራች ይዘው ወደ ቤት ገቡ። ማዕድ ላይ ለባለቤታቸው ነገሯቸው፤ በማንኛውም ዕድሜ ይቻላል ብላለች አሉ።

«መቼ?» አሉ ወለተ ሰንበት።

ሃና እንጀራዋን ቆርሳ ትበላ ነበር። ቄስ ወልደ ጻድቅ ባለቤታቸውን አዩ፤ ቀጥለው ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ወደ ባረኩት ገበታ እጃቸውን ሳይዘረጉ ተቀመጡ።